«አልቋል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ተመለሱ»

በአንድ የገጠር ጤና ጣቢያ ነርስ ሆኜ ስሠራ ከመዝገቦቻችን ሁሉ ቀጭኑ የሚጥል በሽታ መዝገብ ነበር። የነፍሰ ጡሮችና የክትባት መዝገቦች ከመገላበጥ ብዛት ጠርዛቸው ተበልቷል። የሚጥል በሽታው ግን ከመሳቢያ ብቅ የሚለው በገበያ ቀን ነው። 40 ስም ተጽፎበታል፤ የቀረው ነጭ ወረቀት ነው። ለቁጥጥር የሚመጣ ሁሉ ገለጥ ገለጥ አድርጎ ያይና «እዚህ አካባቢ ይህ በሽታ ብዙም የለም ማለት ነው» ይላል። እውነት ቢሆን ደስ የሚል ዜና ነበር።

ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ ዙሪያ ከ60,000 በላይ ሕዝብ በሚኖርበት ገጠር ቤት ለቤት አስጠንተው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1990 ሲያሳትሙ፣ ከ1,000 ሰው 5.2 ያህሉ የሚጥል በሽታ እንዳለበት አሳይተዋል። በዝዋይ ሐይቅ ደሴቶችና ዳርቻ በሚኖረው በዛይ ማኅበረሰብ ውስጥ በኋላ የተደረገ ጥናት ደግሞ ከ1,000 ሰው 29.5 አግኝቷል። የዛዮቹን እንደ ልዩ ሁኔታ እንተወውና የቡታጅራውን ብቻ እንያዝ። አንድ የገጠር ጤና ጣቢያ እስከ 25,000 ሰው እንዲያገለግል ነው የሚቋቋመው። ስለዚህ ጤና ጣቢያችን በሚያገለግለው አካባቢ 130 ያህል ታካሚ መኖር አለበት። 90ዎቹ የት ሄዱ?

ይህን ጥያቄ ለአንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሳነሳላት ወንበር እንኳን አልሳበችም። ቆማ እያለች በጣቷ ትቆጥር ጀመር። የሰዎቹን ስም አልጠራችም፤ ቤታቸውን ነው የጠራችው። ከወፍጮው በታች ያለችው ልጅ፣ የቄስ ገበዙ የወንድም ልጅ፣ ሚስቱ ትታው የሄደችው ሸማኔ፣ ከብት ጠባቂው። ሁለቱም እጆቿ አልበቋትም፤ ያውም በአንድ ቀበሌ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው ተረት ለዚህ በሽታ አይገጥምም። በገበያ መሀል፣ በአውድማ ላይ፣ በቅዳሴ ሰዓት ሰውን የሚጥል በሽታ እንዴት ይደበቃል? አገሩ በሙሉ ያውቃቸዋል። የማያውቃቸው የእኛ መዝገብ ብቻ ነው።

ይህን ጉዳይ በስብሰባ ያነሳ ሰው ሁልጊዜ የሚሰማው መልስ አንድ ነው፤ «የግንዛቤ ማነስ»። ሕዝቡ በሽታውን ከርኩስ መንፈስ ጋር ያያይዘዋል፣ ወደ ጠበልና ወደ ጠንቋይ ይሄዳል፣ አረፋው ይጋባል ብሎ የወደቀ ሰው አይነካም፤ ስለዚህ እናስተምር። ይህ ሁሉ አለ፣ አልክድም። ልጅ ምድጃ ላይ ወድቃ ሳለ እጃቸውን ለመዘርጋት ያመነቱ ጎረቤቶች የነገሩኝን ሰምቻለሁ። ነገር ግን «የግንዛቤ ማነስ» የሚለው ሐረግ ለእኛ ለባለሙያዎቹ በጣም ይመቸናል። ጥፋቱን ከጤና ጣቢያው ግቢ አውጥቶ ከተራራው ማዶ ላለው ገበሬ ያሸክመዋልና።

ገበሬው ምን እንደሚል ልንገራችሁ። አንድ አባት ዐሥራ ሦስት ወይም ዐሥራ አራት ዓመት የሚሆናትን ልጁን ይዞ መጣ። የአራት ሰዓት የእግር መንገድ ነው። የልጅቱ ቀኝ እጅ በነጠላ ተጠቅልሏል፤ ስፈታው ሦስቱ ጣቶቿ በቃጠሎ ተጣብቀዋል። መዝገቡን ሳገላብጥ ስሟ አለ። ለሁለት ወር መድኃኒት ወስዳ «ያቋረጠች» ተብሎ በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዛለች። ለምን እንዳቋረጡ ስጠይቀው ድምፁን ከፍ ሳያደርግ እንዲህ አለኝ፦ «ሲስተር፣ መድኃኒታችሁ ደግ ነበር። ሁለት ወር አልጣላትም። ከዚያ ስመጣ አልቋል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ተመለስ አላችሁኝ። ተመለስሁ፤ አልቋል። ወደ ቤት በገባን በሳምንቱ በአንድ ጀንበር ሦስት ጊዜ ጣላት፣ እሳቱም ላይ ያኔ ነው የወደቀችው። በፊት እኮ በወር አንዴ ነበር። ታዲያ መድኃኒታችሁ አባሰባት ወይስ ምን ልበል?»

እዚህ ንግግር ውስጥ የግንዛቤ ማነስ የታየው ካለ ያሳየኝ። ሰውየው በዓይኑ ያየውን ነው በቅደም ተከተል የተናገረው። መድኃኒቱ ሲኖር ልጁ ደህና ሆነች፣ መድኃኒቱ ሲቋረጥ ከቀድሞው ባሰባት። ትክክል ነው። ለሚጥል በሽታ የምንሰጠውን ፌኖባርቢታል የተባለ ክኒን የለመደ አንጎል መድኃኒቱ በድንገት ሲቀርበት ሕመሙ ከቀድሞው በርትቶ ሊመለስ ይችላል። አንዳንዴም መንቀጥቀጡ ሳያባራ አንዱ በሌላው ላይ እየተደራረበ ሕይወት እስከማጥፋት ይደርሳል። ስለዚህ ነው ይህ መድኃኒት ማቆም ሲያስፈልግ እንኳን፣ ያውም ታካሚው ሳይወድቅ ሁለት ዓመት ያህል ከቆየ በኋላ፣ በወራት ውስጥ ቀስ እየተባለ የሚቀነሰው። ለሁለት ወር ሰጥቶ በሦስተኛው «አልቋል» ማለት ምንም ካለመስጠት ሊብስ ይችላል። የልጅቱን ስም የሰረዘው ቀይ እስክሪብቶ ግን ያቋረጠችው እሷ ናት ይላል።

ነገሩን ይበልጥ የሚያናድድ የሚያደርገው የመድኃኒቱ ዓይነት ነው። ስለ አዲስ ግኝት እየተነጋገርን አይደለም። ፌኖባርቢታል ለሚጥል በሽታ መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1912 ነው፤ ዳግማዊ ምኒልክ ገና በሕይወት ሳሉ ማለት ነው። ለዓመት የሚበቃ ሕክምና በ5 የአሜሪካ ዶላር ሊሸፈን እንደሚችል የዓለም ጤና ድርጅት ይናገራል። በትክክል ተመርምረው ከታከሙ እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት ታካሚዎች ሳይወድቁ መኖር እንደሚችሉ የሚናገረውም ይኸው ድርጅት ነው። በድሃ አገሮች ግን ከአራት ታካሚዎች ሦስቱ ሕክምና አያገኙም። ለገጠር ኑሮም ይህን ያህል የሚመች መድኃኒት ማግኘት ይከብዳል፤ በቀን አንድ ጊዜ፣ ማታ ሲተኙ ብቻ ነው የሚዋጠው። በቀን ሁለት ጊዜ የሚወሰደው ሌላው የሚጥል በሽታ መድኃኒት፣ ካርባማዜፒን፣ በዓቢይ ጾም ለሚጾመውም በረመዳን ለሚጾመውም ሰዓቱን ያምታታል፤ ፌኖባርቢታል ግን ከእራት በኋላ ነው። እኔ ፖስታው ላይ ጨረቃ እሥል ነበር። ማንበብ የማይችል ሰው ጨረቃዋን አይቶ የማታ መሆኑን ያውቃል፤ ከጨረቃዋ ሥር ያሉት ነጥቦች ደግሞ የክኒኑን ቁጥር ይነግሩታል። መጀመሪያ ላይ እንቅልፍ እንቅልፍ ይላል፣ አንዳንድ ሕፃናትንም ያቅበጠብጣል። ይህን አስቀድሞ የተነገረው ቤተሰብ አይደነግጥም።

ታዲያ ለምን ያልቃል? አንዱ ምክንያት ፌኖባርቢታል እ.ኤ.አ. በ1971 የወጣው ዓለም አቀፍ የሳይኮትሮፒክ (አእምሮ ላይ የሚሠሩ) ንጥረ ነገሮች ስምምነት ዝርዝር ውስጥ መግባቱ ነው። ከውጭ ለማስገባት ልዩ ፈቃድ ይጠይቃል፣ ሲሰጥም ልዩ ማዘዣ፣ ሲቀመጥም የሚቆለፍ ቁም ሣጥን። ቁጥጥሩ ያለ ምክንያት አልመጣም። ከመጠን በላይ የዋጠ ሰው ይሞታል፤ ክኒኑ ሕፃን እጅ ከገባም አደጋ ነው። ይሁን እንጂ ቁልፉን የያዘው ሰው ለሥልጠና ወረዳ ከሄደ መድኃኒቱ ሣጥኑ ውስጥ ተኝቶ ሳለ «የለም» እንደሚባል በዓይኔ አይቻለሁ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል የሆነ ገበሬም ቢሆን፣ መድኃኒቱ ከጤና ጣቢያው ሲጠፋ መታወቂያውን ይዞ ከተማ ያለ የግል መድኃኒት ቤት በር ላይ ነው የሚቆመው፤ በጥሬ ገንዘብ። እዚያም ሁልጊዜ አይገኝም።

በሽታውን መለየቱ ከባድ ነው፣ ስለዚህ ወደ ላይ መላክ አለበት የሚሉ ደግሞ አሉ። ወደ ላይ ማለት ወዴት ነው? የነርቭ ሐኪሞቻችን ጥቂት ናቸው፣ አብዛኞቹም አዲስ አበባ ናቸው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ሕክምና ስፔሻሊቲ ትምህርት የተጀመረው ራሱ እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ደግሞም ታካሚው ፊታችን ላይ ካልወደቀ በስተቀር የበሽታው ዋናው ማስረጃ ያለው የአንጎል ሞገድ በሚያነበው መሣሪያ ውስጥ ሳይሆን ባየው ሰው አንደበት ነው። ስለዚህ ታካሚውን ብቻውን አልቀበልም ነበር፤ ሲወድቅ ያየውን ሰው ይዞ ይምጣ እላለሁ። ከመውደቁ በፊት ምን ይላል? ሰውነቱ ይገተራል ወይስ ይዝለፈለፋል? የሚንቀጠቀጠው በአንድ ጎን ነው ወይስ በሙሉ? ምላሱን ይነክሳል? ሽንቱ ያመልጠዋል? ሲነቃ የት እንዳለ ያውቃል? ክብሪት የምትጭረው እናት ከሁሉ የተሻለች መስካሪ ናት። ብዙ ቦታ ሰው ሲወድቅ ክብሪት ተጭሮ ጭሱን ያሸቱታል። ይህ የሚጠቅመው ነገር የለም፤ መንቀጥቀጡ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ በራሱ ስለሚቆም ክብሪቱ ያቆመው ይመስላል እንጂ። እኔ ግን ክብሪቱን እንደ ሰዓት ተጠቀምኩበት። «እስኪነቃ ስንት እንጨት ጫርሽ?» ስላት ሳታመነታ ትነግረኛለች። ከአምስት ደቂቃ በላይ ከዘለቀ ነገሩ ሌላ ነው፤ ያ ሰው በሸክምም ቢሆን ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም መድረስ አለበት። አሁን አሁን ደግሞ ወጣቶቹ በስልካቸው ቀርጸው ያመጣሉ። መጀመሪያ ቅር ብሎኝ ነበር፤ የወደቀን ሰው መቅረጽ ነውር ነው። ግን ያንን ግማሽ ደቂቃ ማየት ከብዙ ጥያቄ ይበልጣል።

መቼም የጠበሉን ነገር ሳላነሳ ባልፍ ይታዘቡኛል። ከታካሚዎቼ ጠበል ያልሞከረ አላውቅም፤ መሞከራቸውም አንድ ቀን አላስከፋኝም። ያስቸገረኝ ጠበሉ ሳይሆን «ክኒኑን ከጠበሉ ጋር አትቀላቅል» የሚለው ምክር ነው፤ በድንገት ማቋረጥ የሚያመጣውን ከላይ ጽፌዋለሁ። ለዚህ መፍትሔው ከካህናት ጋር ሙግት መግጠም አይደለም። የኤች አይ ቪ መድኃኒት ሲሰራጭ ይኸው ችግር ገጥሞ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ምእመናን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው መውሰድ እንደሚችሉ በይፋ ተናገሩ። ያ ቃል የኛን የብዙ ዓመት ስብከት የሚያህል ሥራ ሠርቷል። ለሚጥል በሽታም እንዲህ ያለ ቃል ከቤተ ክርስቲያንም ከመስጊድም ቢወጣ ነገሩ በጣም ይቀል ነበር። በእኛ አካባቢ ያሉ አንድ አጥማቂ ካህን፣ ቀርቤ ካነጋገርኳቸው በኋላ፣ ታካሚ ሲመጣባቸው «ክኒንህን ይዘሃል?» ብለው መጠየቅ ጀመሩ። ማኅሌት ቆሞ ማደር የሚጥለው ሰው እንዳለም ነግሬያቸው ነበር፤ እንቅልፍ ማጣት ሕመሙን ይቀሰቅሳልና። ይህን ግን በግማሽ ልብ ነው የሰሙኝ።

ከወንዶቹ ይልቅ የሴቶቹ ጉዳይ ይከብደኛል። ወንድ ልጅ ሲታመም ቤተሰቡ ደጋግሞ ያመጣዋል፤ ሴት ልጅ ግን ለዐቅመ ሔዋን ስትደርስ ከመዝገቡ ትጠፋለች። መጀመሪያ ተሽሏት ይመስለኝ ነበር። ኋላ እንደገባኝ ታጭታለች፤ ክኒን ስትውጥ የታየች እንደሆነ ሽማግሌዎቹ ይመለሳሉ። ሠርጉ ካለፈ በኋላም በአማቷ ቤት ጨረቃ የተሣለበት ፖስታ የምታስቀምጥበት ቦታ የላትም። አንዳንዷ ከዓመት በኋላ ከእርግዝና ጋር ትመጣለች። እርጉዝ ሴት ስትወድቅ ሁለት ነፍስ ነው የሚወድቀው፤ መድኃኒቱን በራሷ ማቆም የለባትም። መድኃኒቱም ቢሆን ምርጫ ይፈልጋል፦ ቫልፕሮዬት የተባለው የሚጥል በሽታ መድኃኒት ፅንሱን የሚጎዳ በመሆኑ ልጅ ልትወልድ ለምትችል ሴት፣ ሌላ አማራጭ እስካለ ድረስ፣ አይሰጥም። ይህን የሚያህል ምክር ብዙ ታካሚ በሚጠብቅበት ክፍል ውስጥ፣ አማቷ ከጎኗ ተቀምጣ እንዴት ይሰጣል? እኔ የማውቀው ዘዴ አንድ ብቻ ነው። የእርግዝና ክትትል ቀኗና የመድኃኒት ቀኗ አንድ ይሁን፣ ፖስታውም እዚያው ይሰጣት። ነፍሰ ጡር ክኒን ብትውጥ ማን ይጠይቃታል?

ሥራው የማይቻል ሆኖ አይደለም። በጎንደርና በጅማ ዙሪያ ባሉ ገጠሮች ነርሶች የሚመሩት የሚጥል በሽታ ክሊኒክ ሠርቶ ታይቷል። በሶዶ ወረዳም የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች ሠልጥነው ይህን በሽታ ከአእምሮ ሕመሞች ጋር አብረው ሲያክሙ በጥናት ታይቷል። ሥልጠናው የዓመታት ትምህርት አይጠይቅም። የዓለም ጤና ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2022 ያጸደቀው እስከ 2031 የሚዘልቅ ዕቅድ ለሚጥል በሽታ ሦስት ቁጥሮች አስቀምጧል፤ 90፣ 80፣ 70። ከታካሚዎቹ 90 በመቶው በሽታው ሊታከም የሚችል የአንጎል ሕመም መሆኑን ይወቁ፣ 80 በመቶው አቅማቸው የሚፈቅደውን መድኃኒት ያግኙ፣ ከታከሙት 70 በመቶው ሕመሙ ይገታላቸው ነው ነገሩ። እኛ የመጀመሪያውን ቁጥር በባነር ጽፈን በየዓመቱ ቲሸርት እናሳትምለታለን። ሁለተኛው ቁጥር ላይ ስንደርስ ዝም ነው።

ሁለተኛው ቁጥር ግን በዚህችው አገር፣ በዚያው ጤና ጣቢያ፣ ለሌላ በሽታ ተሳክቷል። ከእኔ ክፍል ቀጥሎ የኤች አይ ቪ ክትትል ክፍል ነበር። እዚያ መድኃኒት «አልቋል» ሲባል ሰምቼ አላውቅም። እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ ደግሞ ሕመማቸው የተረጋጋ ታካሚዎች የስድስት ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ ይዘው ይሄዳሉ። ኮሪደሩ አንድ፣ ጣሪያው አንድ፣ ከመጋዘን የሚመጣውም ያው መኪና። ልዩነቱ የአንዱን ክኒን በጀት መድቦ የሚከታተል፣ ሲጎድል የሚጮህለት መኖሩ ነው። ለፌኖባርቢታል የስድስት ወር ይሰጥ አልልም፤ አደገኝነቱን ተናግሬአለሁ። ነገር ግን ለዓመት ያልወደቀ፣ ቤተሰቡ የሚታወቅ፣ ከአራት ሰዓት መንገድ የሚመጣ ሰው ለምን በየወሩ ይመላለሳል? የሦስት ወር ቢሰጠው፣ ቤተሰቡም ሕፃን በማይደርስበት ቦታ ቆልፎ እንዲያስቀምጥ ቢነገረው፣ በዓመት ስምንት የመንገድ ቀን ይተርፈዋል። በእርሻ ወቅት ይህ ማለት አንድ ማሳ ታርሶ መዝራት ነው።

ፌኖባርቢታል ለምን ደጋግሞ እንደሚያልቅብን የገባን ከአንድ ቅጽ ነው። ጤና ጣቢያው መድኃኒት የሚጠይቅበት ቅጽ በሁለት ወር አንዴ ይሞላል፤ መነሻው ደግሞ ባለፉት ሁለት ወራት ታካሚዎች የወሰዱት መጠን ነው። እንደ አሞክሲሲሊን ላለ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ይሠራል። አንዱን ወር ሙሉ ከመደርደሪያ የጠፋ መድኃኒት ግን የተሰጠው መጠን በግማሽ ስለሚያንስ፣ ያልተፈለገ መስሎ ይታያል፤ በቀጣዩ ዙር ያነሰ ይላካል፤ ያነሰው ቶሎ ያልቃል። በቅጹ ላይ የጎደለውን ጊዜ የሚያስተካክል ስሌት አለ፤ ሆኖም የሚያሰላው ሰው ጊዜ ካላገኘ ቦታው ባዶ ሆኖ ይላካል።

የፋርማሲ ባለሙያችን ጭምት ልጅ ነው። አንድ ቀን ያን ቀጭን መዝገብ ከእኔ ተውሶ ወሰደና ባለፈው ዙር የተሰጠውን ትቶ ሰዎቹን ቆጠረ። 40 ታካሚ አለ፤ አንዱ ይበዛለታል አንዱ ያንሰዋል፣ በአማካይ በየማታው ባለ 30 ሚሊግራም ሁለት ክኒን፤ በ60 ሌሊት 4,800። ያንን ሞልቶ ላከ። ከላይ ተደወለለት፤ «ይህን ሁሉ ምን ታደርጉበታላችሁ?» «እንሰጠዋለን» አለ። የተላከልን 3,000 ነበር። ከሩቅ ለሚመጡት ዐሥር ሰዎች የሁለት ወር፣ ለሠላሳዎቹ የአንድ የአንድ ወር ብለን አከፋፈልነው፤ ሠላሳዎቹ በሁለተኛው ወር ሲመጡ ምን እንደምንላቸው እያወቅን። በቀጣዩ ዙር ቅጹን ሲሞላ ቁጥሩን ዝቅ ያደርገዋል ብዬ ነበር። ከተቃጠለችው ልጅ ጋር አምስት ሰው ተመዝግቦ ስለነበር 5,400 ብሎ ጻፈ።